የቶሬስኩራ የመጨረሻው ሊቀ ጳጳስ

ሊቀ ጳጳሱን ሞተው ያገኛቸው ኮሲሞ ላግሮታ ነው። ማክሰኞ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የቤተ መዛግብቱን በር ሊቆልፍ ሲወጣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ መብራት አይቶ ገባ። ሞንሲኞር ኤውስታኪዮ ብራንካ ከረጅሙ መደርደሪያ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። ኮሲሞ እየሮጠ ፖሊስ ጣቢያችን ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ መናገር አቃተው። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ነው። የካቴድራሉን ቁልፍ አርባ ዓመት ይዟል። የእኔም የክርስትና አባት ነው።

ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ ላይ «ኑንዚዮ ደብቆን ነው» እንዳልባል ነው። ለኢንስፔክተሯም እዚያው ነግሬያታለሁ።

«ከምርመራው መውጣት ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«እኔ ከወጣሁ የሚቀሩት እርስዎና የጣቢያው ድመት ናችሁ።»

«እንግዲያው ኮቴን አቀብለኝ።»

ኢንስፔክተር ኢዮላንዳ ፌራሪስ ከሰሜን፣ ከቶሪኖ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። አባቷ የፋብሪካ ሠራተኛና የለየለት ኮሙኒስት ስለነበር ክርስትና እንኳ አልተነሳችም። ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አትክልት ሻጯም ሳትቀር አዝናላት ሎሚ ትመርቅላታለች። በዕድሜ ከእኔ በሰባት ዓመት ታንሳለች፣ በማዕረግ ትበልጠኛለች። ስለዚህ ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ሳወራ ግን «ያቺ ልጅ» ናት።

ዶክተር ፓንታሌዮ አስከሬኑን አይቶ ሲጨርስ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ።

«አንገታቸው ተሰብሯል። ከከፍታ ነው የወደቁት፤ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይሆናል። ከቀኑ አስር ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ።»

«ከየት ላይ ነው የወደቁት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከመሰላል ነዋ።»

«የታለ መሰላሉ?»

ሁላችንም ዞር ዞር ብለን አየን። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ መሰላል የለም። ሁለተኛው ክፍል ሄጄ ሳይ ሁልጊዜ በሚቆምበት ማዕዘን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«የሞተ ሰው መሰላል ወደ ቦታው አይመልስም» አለችና ደብተሯን አወጣች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ የላይኛውን መደርደሪያ ተመለከተች። ከተደረደሩት መዝገቦች መሀል የአንዱ ቦታ ክፍት ነው። መሰላሉን አምጥቼ ወጣሁ። ዙሪያውን አቧራ ጣት ያሰምጣል፤ ክፍቱ ቦታ ግን ንጹሕ እንጨት ነው። መዝገቡ የተነሳው ያንኑ ቀን ነው ማለት ነው።

መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። የመስታወቱ ሳጥን በቁልፍ ተከፍቶ ባዶውን ቀርቷል። ለዘጠኝ መቶ ዓመት የቶሬስኩራ ኩራት የነበረው ብራና፣ ሀገረ ስብከታችን የሊቀ ጳጳስ መንበር መሆኑን የሚያውጀው ደብዳቤ፣ ከነማስቀመጫ ሳጥኑ የለም።

ይህ ሁሉ የሆነበትን ሳምንት ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1986 ነው። ከሮም ትእዛዝ መጥቶ ትንንሽ ሀገረ ስብከቶች እየተጠቃለሉ ነበር፤ የእኛም መንበር ከፖርቶ ሌቫኖ ጋር ሊቀላቀል፣ ቤተ መዛግብቱም ተጭኖ ወደዚያ ሊሄድ ተወስኗል። ፖርቶ ሌቫኖ ማለት ትናንት በዓሣ ንግድ ሀብታም የሆነች፣ ካቴድራሏ የባቡር ጣቢያ የምትመስል ከተማ ናት። የቀረን ተስፋ አንድ አቤቱታ ነበር። በብራናው መሠረት እኛ ቀዳሚ ነንና መንበሩ እዚሁ ይቅር የሚል ነው፤ ሊቀ ጳጳሱ እሁድ በካቴድራሉ አንብበው ሊፈርሙት ነበር።

በደረት ኪሳቸው ያገኘነው ወረቀት የእሁዱ ስብከት መጀመሪያ ነው። ሁለት መስመር ብቻ፦ «ልጆቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ያስቀይማችኋል። ስለምወዳችሁ ግን ልደብቃችሁ አልችልም።»

«ሊፈርሙ አልነበረም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይህን የሚያውቅ ሰው ማን ነው? ሲያውቅስ ማን ይናደዳል?»

«ሕዝቡ በሙሉ» አልኳት። እውነቴን ነው።

የሊቀ ጳጳሱን ቤት የምትጠብቀው እትዬ አሱንታ ከቤተ መዛግብቱ በታች ባለው ወጥ ቤቷ ውስጥ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የካሞሚል ሻያቸውን ሰጠኋቸው። ‹ቤተ መዛግብት ነኝ፣ ማንም እንዳይረብሸኝ› ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።»

«ድምፅ ሰምተሻል?»

«መውደቃቸውን አልሰማሁም፤ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ነበርኩ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ግን፣ የቅድስት ክላራ ሴት መነኮሳት ለቅዳሴ ሲደውሉ፣ ላይ ቤት ሲራመዱ ሰምቻለሁ። በሕይወት ነበሩ፣ አባቴ! ያኔ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ...»

«እሳቸው መሆናቸውን በምን አወቅሽ?»

«እንግዲህ ሌላ ማን ሊሆን ነው? አንቺ ልጅ ደግሞ!»

ኢንስፔክተሯ «አስራ አንድ ሰዓት፣ በሕይወት» ብላ ጻፈች። ከዚያ የቤተ መዛግብቱ ቁልፍ ያላቸውን ሰዎች ቆጠርን። ከሟቹ ሌላ ሁለት ናቸው፦ ኮሲሞና የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ ካህኑ ዶን ሳቢኖ ሜሊሎ።

ዶን ሳቢኖ የሀገረ ስብከቱን ታሪክ መጻፍ ከጀመሩ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከጫማቸው በስተቀር ሁሉም ነገራቸው በሥርዓት የተቀመጠ ነው፤ ጫማቸው ሁልጊዜ ተረከዙ የተንሻፈፈ ነው። እኔን የመጀመሪያ ቁርባን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ጆሮዬንም ጠምዝዘውኛል። ቤታቸው ስንገባ ወንበር ስበው ለኢንስፔክተሯ አቀረቡላት።

«ከምሳ በኋላ ተኛሁ። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ክላራዎቹ ዘንድ ደረስኩ። ኑዛዜያቸውን ሰማሁ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቀደስኩ። ስወጣ አስራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።»

«የጠፋው መዝገብ የትኛው ነው?»

«ልጄ፣ አራት ሺህ መዝገብ ነው ያለን። ቆጥሬ ልነግርሽ እሞክራለሁ።»

«ኮሲሞ ላግሮታስ? ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ተጣልቶ ነበር ይባላል።»

ዶን ሳቢኖ መስቀላቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ስለ ኮሲሞ ክፉ ነገር ከአፌ አይወጣም» አሉ። ከዚያ በሩ ድረስ ሸኙን።

መጣላቱስ እውነት ነበር። ባለፈው እሁድ አደባባይ ላይ ኮሲሞ ሁለት ብርጭቆ ወይን ከጨለጠ በኋላ «ይህ መዝገብ ፖርቶ ሌቫኖ የሚሄደው በሬሳ ላይ ተረማምዶ ነው!» ብሎ ጮኋል። የማን ሬሳ እንደሆነ አልተናገረም፤ የሰማው ሕዝብ ግን ረቡዕ ጠዋት የራሱን መልስ አዘጋጅቶ ጨርሷል።

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ቤቴ።»

ሚስቱም «ቤቱ» አለች፤ ስትናገር ግን የምታየው ወለሉን ነበር። ምድር ቤቱን እንድፈትሽ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ከወይራ ዘይት እንስራዎቹ መካከል አንዱ ስነካው ቀለለኝ። ውስጡ እጄን ሰደድኩ። የብራናው ሳጥን በበግ ቆዳ ተጠቅልሎ እዚያ ተቀምጧል። ቀና ስል ኮሲሞ ደረጃው ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ኑንዚዮ» አለኝ፤ «ስትወለድ አንድ ኪሎ ተኩል አትሞላም ነበር። እጄ ላይ ትሞታለህ ብዬ ፈርቼ ነው የታቀፍኩህ።»

 ይዤው ወጣሁ።

የፖርቶ ሌቫኖው ዐቃቤ ሕግ በስልክ ደስታውን ሊደብቅ እንኳ አልሞከረም። ቁልፍ አለው፣ ዛቻ አለ፣ የተሰረቀው ዕቃ ተገኝቷል፣ ዋሽቷል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ልኮ ወደ ትልቁ እስር ቤት ሊወስደው ወሰነ። እዚያ የገባ ሰው ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ሁለት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ኮሲሞ ደግሞ ስኳርም ልብም ያለበት ሰው ነው። ሁለት ዓመት አይቆይም።

ኢንስፔክተሯ ግን ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር እያመነዠከች ዋለች።

«ዘይት እንስራው ውስጥ የተገኘው ብራናው ብቻ ነው። መዝገቡስ? የላይኛው መደርደሪያ ሁሉ በላቲን ነው። የክርስትና አባትህ ላቲን ያነባል?»

«ጋዜጣ ሲያነብም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው።»

«እንግዲያው ሂድና ለፖሊስ ሳይሆን ለክርስትና ልጁ እንዲነግርህ አድርግ።»

የተጠበሰ ደረቅ ዳቦ በቲማቲምና በዘይት አርሼ ይዤለት የታሰረበት የጣቢያችን ክፍል ገባሁ። አልነካውም።

«ጋሼ፣ ገድለሃቸዋል?»

በጥፊ ሊለኝ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። «አንተም?» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ማልቀሱን የሚያሳብቀው ትከሻው ነበር። ቆየት ብሎ ተናገረ።

«ብራናውን ወስጃለሁ። ለመስረቅ እኮ አይደለም! ዓሣ ሻጮቹ እጅ እንዳይገባ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የክላራዎቹ ደወል ሲደወል፣ ማንም የለም ብዬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው የረገጥኩት፤ ሳጥኑን አንስቼ ወጣሁ። ኑንዚዮ፣ ምናልባት ያኔ ውስጥ ተኝተው ያቃስቱ ነበር። ምናልባት አንድ በር ብከፍት ኖሮ...»

«ደወሉ ሲደወል? አስራ አንድ ሰዓት?»

«አዎ፣ አስራ አንድ።»

እየሮጥኩ ወጣሁ። እትዬ አሱንታ የሰማችው የኮሲሞን እግር ነው። ሊቀ ጳጳሱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ስለመኖራቸው ምንም ማስረጃ የለንም ማለት ነው።

ኢንስፔክተሯ ሰምታኝ ስታበቃ ደብተሯን ገልጣ «አስራ አንድ ሰዓት» የሚለውን ሰረዘችው። «ሰዓቱን ከአስር ጀምሮ እንደገና እንቁጠረው። ዐቃቤ ሕጉ ግን የእስረኛ ቃል ብሎ ይስቅብናል። ሌላ ነገር ያስፈልገናል።»

ዓርብ ከሰዓት ወደ ቅድስት ክላራ ገዳም ወጣን። ዶን ሳቢኖ በትክክል ስንት ሰዓት እንደደረሱ ለማጣራት እንጂ ሌላ ተስፋ አልነበረንም። የክላራ መነኮሳት አንዴ ከገቡ አይወጡም፤ እንግዳ የሚያነጋግሩትም መጋረጃ በተጋረደበት የብረት ፍርግርግ በኩል ነው። እመ ምኔቷ ሲስተር ዶሚቲላ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ድምፃቸው ግን የወጣት ነው።

«አስር ሰዓት ተኩል ሲል በሩን አንኳኩ። ኑዛዜ፣ ከዚያ ቅዳሴ። እንደወትሮው ነው ልጄ።»

«ያዩባቸው ነገር ነበር? ደንገጥ ማለት፣ ላብ...»

«እኛ እዚህ የሚያገለግለን ጆሯችን ነው፤ ዓይን ምን ሊያይ? ድምፃቸው ትንሽ ደከም ብሎ ነበር፤ ኀዘን ስላለባቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ግን ካነሳሽው አይቀር አንድ ቅሬታ አለኝ። ለጳጳሱ ቤት አድርሺልኝ።»

«ምን?»

«የአባታችንን ሞት እንዲያ መስማት አልነበረብንም። አንድ ቃል ቢነግሩን ምን ነበረበት? በቅዳሴው መሀል ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቀጥሎ ‹ጳጳሳችን ኤውስታኪዮ› የሚባልበት ቦታ ሲደርሱ ዝም ብለው አለፉት። አስራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ የሰማነው ስም ነው! ልቤ ስንጥቅ አለ። ከጎኔ ያለችው እህትማ ጮክ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እንግዲህ ምን እናድርግ፣ ቅዳሴው እንዳበቃ የሙታን ጸሎት ጀመርን። ልባቸው ደካማ እንደነበር እናውቅ ነበር፤ ግን እንዲያ...»

ኢንስፔክተሯ «ከ10፡30 እስከ 12» ብላ ጽፋ ደብተሯን ልትከድን ነው። እኔ እጄን ደብተሩ ላይ አድርጌ አስቆምኳት።

«እማሆይ» አልኩ፤ «የሙታን ጸሎት የጀመራችሁት ስንት ሰዓት ነው?»

«አስራ ሁለት ነዋ። ማክሰኞ፣ አስራ ሁለት ሰዓት።»

ኮሲሞ አስከሬኑን ያገኘው አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ውጭ ወጥተን በሩ ከኋላችን እስኪዘጋ ጠበቅኩ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። «ወረቀት መስለሃል።»

«ካህን ሲቀድስ የሀገረ ስብከቱን ጳጳስ ስም ይጠራል። በየቀኑ፣ በየትም። የማይጠራው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፦ ጳጳሱ ሞቶ መንበሩ ባዶ ሲሆን።»

ቆም አለች። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ መሞታቸውን የሚያውቅ ሰው...»

«ገና ማንም አያውቅም ነበር።»

«ረስተውት ቢሆንስ?»

«እኔ ሰባት ዓመት መሠዊያ ሥር ደወል ይዤ አገልግያለሁ። ያ ስም አይረሳም፤ ከምላስ በራሱ ጊዜ ይወጣል። አለመጥራት ነው ሐሳብ የሚጠይቀው።»

«ግን ኑንዚዮ፣ ይህ እብደት ነው። ስሙን ቢጠሩት ኖሮ አንድም ማስረጃ አልነበረንም። ብልህ ሰው ራሱን እንዲህ ያጋልጣል?»

«ዶን ሳቢኖን አያውቋቸውም» አልኳት። ዕድሜ ልኬን የማውቃቸው እኔ ነበርኩ።

እራት ላይ ደረስንባቸው። ጠረጴዛቸው በብዛት ወረቀት ነው፤ የታሪካቸው ረቂቅ በአስራ አንድ ካርቶን ተሰድሮ ግድግዳውን ይዟል። ኢንስፔክተሯ አልተቀመጠችም።

«ማክሰኞ ዕለት በክላራዎቹ ቅዳሴ ላይ የሊቀ ጳጳሱን ስም ለምን አልጠሩም?»

ማንኪያቸውን በቀስታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። ይክዳሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፈተና ያለፈ ተማሪያቸውን እንደሚያዩ ዓይነት።

«ያስተዋለችው ዶሚቲላ ናት?» አሉ። «ጎበዝ ናት።»

ተነስተው ከአልጋው ሥር አንድ ወፍራም መዝገብ አወጡ። የጠፋው እሱ ነበር።

«ብራናውን በምስክርነት ፈርሟል የተባለው ጳጳስ ብራናው ከተጻፈበት ቀን አስራ አንድ ዓመት ቀድሞ ሞቷል። እዚህ ተጽፏል። ሞንሲኞር በገዛ እጃቸው አገኙት። ‹በሐሰት ወረቀት ክብር አልለምንም፤ እሁድ ለሕዝቡ እነግራለሁ› አሉኝ። ለመንኳቸው። ሠላሳ አራት ዓመቴን እኮ ነው! የመጀመሪያው ምዕራፍ ከፈረሰ የቀረው በምን ላይ ይቆማል? ላሳይህ ብለው መሰላሉን ወጡ። መዝገቡን አውርደው ሊሰጡኝ እጃቸውን ሲዘረጉ... መሰላሉን ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«እስትንፋሳቸው አልነበረም። ከኃጢአታቸው ፈታኋቸው፣ ጸለይኩ። መሰላሉን ወደ ቦታው መለስኩት። መዝገቡን ላቃጥለው ይዤው ወጣሁ፤ አልቻልኩም። የዘጠኝ መቶ ዓመት መዝገብ ነው፣ ማን ያቃጥላል?»

«ስሙን ቢጠሩት እኮ አንይዝዎትም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። እውነት ለማወቅ የፈለገች ነበር የምትመስለው።

«አውቃለሁ። መሠዊያው ላይ ሆኜ አውቄዋለሁ። ቦታው ሲደርስ ቆም አልኩ። ግን ኅብስቱን በእጄ ይዤ፣ የሞተን ሰው በሕይወት እንዳለ እረኛ አድርጌ ለእግዚአብሔር አልዋሽም። ሰው በቁጣ ይገድላል። ያ ግን በቁጣ የሚሆን አይደለም።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሯን ከደነች። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ሽማግሌ ናቸው፣ የትም አይሮጡም። የእጅ ሰንሰለቱ አያስፈልግም» አለችኝ።

ካፖርታቸውን አለበስኳቸው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሲያስገቡ የኮሲሞ እጅ ይታየኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ ላይ ያፈጠጠ ፊቱም።

«አባ» አልኩ፤ «ኮሲሞ ነገ ጠዋት ሊወሰድ ነበር። እዚያ እንደሚሞት ያውቃሉ። ስለ እሱ አንድ ቃል ለመናገር አላሰቡም?»

የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ነበር። 

«ኑንዚዮ፣ ልጄ፣ እንዴት አላሰብኩትም? ከረቡዕ ጀምሮ በየቀኑ ቅዳሴ ላይ ጸልዬለታለሁ። በስሙ እየጠራሁ።»

 ዕድሜዬን ሙሉ ቀና ብዬ ያላየሁትን ሰው ፊት ለፊት አየሁት። ሰንሰለቱን ከወገቤ ፈታሁ፤ ኢንስፔክተሯ አላስቆመችኝም።

«እጅህን አምጣ» አልኩት።